የሩቁ ኮከብ ማግኔት በምን ተለካ?

ስለ ሰማይ በሚጻፈውና በሚነገረው ሁሉ ወጣቱን አንባቢ ቶሎ የሚማርከው የቁጥሩ ግዝፈት ነው። ከኒውትሮን ኮከብ አካል በሻይ ማንኪያ ቢጨለፍ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል፤ የማግኔቱም ኀይል የመሬታችንን ማግኔት በአሥር ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ይህን የመሰለ ነገር ሲነገረው ሰሚው «አጃኢብ ነው!» ብሎ ያልፋል። መደነቅ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዛሬው እሑድ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ሌላ ነው። ብርሃን እንኳ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ሃያ ሺህ ዓመት ያህል የሚፈጅበትን ኮከብ፥ የማግኔቱን ኀይል ማን በምን ሚዛን ለካው? ቁጥሩን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው፤ ሚዛኑን የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። በእኛ አስተያየት ከቁጥሩ ይልቅ የሚዛኑ ታሪክ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ለተማሪውም ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከሩቁ አስቀድመን ከቅርቡ እንነሣ። በ1957 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን) ከሥራዎቹ አንዱ የመሬትን ማግኔት መለካት ነበር። ጊዜው የዓለም ሊቃውንት «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው የሰየሙት የምርምር ዘመን ነበር። አዲስ አበባም ለዚህ ሥራ የምትመች የሆነችው የማግኔት የምድር ወገብ በአቅራቢያዋ ስለሚያልፍ ነው። በዚህ ሥፍራ በክር የተንጠለጠለ የማግኔት መርፌ ወደ ታች ሳይደፋ፥ ወደ ላይም ሳይቀና፥ ሚዛኑን ጠብቆ ይጋደማል። የማግኔቱም ልክ 0.36 ጋውስ ያህል፥ ማለት ከአንድ ጋውስ ሢሶ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ጋውስ የተባለው መለኪያ በጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ በካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ስም የተጠራ ነው። ለማነጻጸር ያህል፥ በሆስፒታል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ15,000 እስከ 30,000 ጋውስ አለው፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ሳይቋረጥ እንዲሠራ የተደረገው ትልቁ ማግኔት ደግሞ 450,000 ጋውስ ያህል ነው።

መርፌውን ለማየት ግን መርፌው ካለበት መድረስ ያስፈልጋል። መርፌ ሳይላክ የሰማይን አካል ማግኔት ማወቅ እንደሚቻል መጀመሪያ ያሳየው አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል ነው። ከእርሱ በፊት በ1896 የሆላንዱ ተወላጅ ፒተር ዜማን፥ ብርሃን የሚሰጥ ነገር በማግኔት መካከል ሲቀመጥ የብርሃኑ መስመሮች እንደሚሰነጠቁ አግኝቶ ነበር። ሄል በ1908 በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ ሆኖ ይህንኑ ስንጥቅ በፀሐይ ፊት ላይ በሚታዩት ጥቋቁር ነጥቦች ውስጥ ተመለከተና በዚያ ሥፍራ ያለው ማግኔት 3,000 ጋውስ ያህል መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ ጨረር መልእክተኛ ነው፤ የተነሣበትን አገር ምልክት ይዞ ይመጣል። ምልክቱን ማንበብ የሚያውቅ ሰው እቤቱ ተቀምጦ የሩቁን አገር ሁኔታ ያውቃል።

አሁን ወደ ኒውትሮን ኮከብ እንሻገር። ኒውትሮን የተባለችውን ቅንጣት ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ካገኘ በኋላ፥ በ1934 ዋልተር ባዴና ፍሪትስ ዝዊኪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ ትልቅ ኮከብ ነዶ ሲፈነዳ እምብርቱ ተጨምቆ ከኒውትሮን ብቻ የተሠራ ትንሽ ኮከብ ሊሆን ይችላል ሲሉ ጻፉ። ክብደቱ ከፀሐያችን የሚበልጥ፥ ስፋቱ ግን ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ካለው ርቀት ብዙም የማይበልጥ ኮከብ ማለት ነው። የማግኔቱ ብርታትም የሚመጣው ከዚሁ መጨመቅ ነው። በሰፊ እርሻ ላይ የቆመ ጤፍ ታጭዶ በነዶ ሲታሰር የአገዳው ቁጥር አይጨምርም፤ ነገር ግን ቀድሞ በጋሻ መሬት ተበትኖ የነበረው አሁን በአንድ እቅፍ ውስጥ ይገኛል። የኮከቡም የማግኔት መስመሮች እንዲሁ ናቸው፤ ኮከቡ ሲጨመቅ እነርሱም አብረው ይታሰራሉ።

ሐሳቡ ለሠላሳ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ብቻ ኖረ። በ1967 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤል በሬዲዮ ቴሌስኮፕ መዝገብ ላይ በየ1.337 ሰከንዱ ሳይዛነፍ የሚመላለስ ምት አገኘች። ይህ ምት በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ መሆኑ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ታወቀ። የ1974ቱ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለመምህሯ ለአንቶኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሆን፥ ምቱን ከኪሎ ሜትሮች ወረቀት ውስጥ ለቅማ ያወጣችው ተማሪ ሳትጠራ ቀርታለች። ይህ አድልዎ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኛም ከእነርሱ አንለይም። እርሷ ግን በ2018 የተሰጣትን የሦስት ሚሊዮን ዶላር ሌላ ሽልማት ፊዚክስ ለሚማሩ ችግረኛ ተማሪዎች መርጃ አድርጋዋለች።

ኮከቡ የሚሽከረከር መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያው ሚዛን ተገኘ። የሚሽከረከር ማግኔት ጉልበቱን በጨረር መልክ እየረጨ ስለሚያጠፋ ቀስ በቀስ ይዘገያል። በ1054 የቻይና ሰዎች ሲፈነዳ አይተው የመዘገቡት ኮከብ ፍርስራሽ ዛሬ «የክራብ ኔቡላ» ይባላል፤ በመካከሉ ያለው ኒውትሮን ኮከብ በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይዞራል፤ አንዱ ዙር የሚፈጀውም ጊዜ በየዓመቱ በ13 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይረዝማል። ከዚህ መዘግየት ተነሥቶ ሂሳቡ ሲሠራ የማግኔቱ ኀይል ወደ 4 ትሪሊዮን ጋውስ ይመጣል። መልካም ሂሳብ ነው። ይሁን እንጂ በሬው ሲደክም አይቶ የቀንበሩን ክብደት እንደ መገመት ያለ ነገር ነው። በሬው የደከመው በቀንበሩ ክብደት ብቻ ነውን? መሬቱስ ጭንጫ እንደ ሆነ? ኮከቡ የሚዘገይበት ምክንያት ማግኔቱ ብቻ ነው ብለን ካልተነሣን በቀር ቁጥሩ አይገኝም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ቀንበሩን ራሱን የሚመዝን ሌላ ሚዛን ይፈልጉ ጀመር።

ያን ሚዛን የሰጣቸው ራጅ ነው። በሆስፒታል የተሰበረ አጥንት የሚታይበት ይኸው ጨረር፥ ጋዝ ወደ ኒውትሮን ኮከብ ሲወድቅ በብዛት ይወጣል። የኮከቡ ስበት እጅግ የበረታ ስለ ሆነ የሚወድቀው ጋዝ ከብርሃን ፍጥነት ግማሽ ያህሉን ይዞ ከመሬቱ ጋር ይጋጫል፤ በብዙ ሚሊዮን ዲግሪም ይግላል፤ እንዲህ የጋለ ነገር የሚያበራው በዓይን በሚታይ ብርሃን ሳይሆን ይልቁን በራጅ ነው። ችግሩ ከባቢ አየራችን ራጅን የማያሳልፍ መሆኑ ነው። ለጤናችን ደግ የሆነው ጥላ ለሊቃውንቱ ግርዶሽ ሆነባቸው። በ1962 ሪካርዶ ጃኮኒና ባልደረቦቹ ከኒው ሜክሲኮ በተተኮሰ ሮኬት መሣሪያ ልከው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ከአየሩ በላይ ሲቆይ ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ የሆነ የመጀመሪያውን የራጅ ምንጭ አገኙ። ጃኮኒ ለዚህ ሥራው በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነገር በጎረቤታችን በኬንያ የተፈጸመ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፥ ከማሊንዲ ከተማ ፊት ለፊት፥ ሳን ማርኮ ከተባለው የኢጣልያኖች የባሕር ላይ መድረክ አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት ተተኮሰች። ቀኑ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለ ነበረ ስሟ በስዋሂሊ «ኡሁሩ» ተባለ፤ ነጻነት ማለት ነው። ራጅን ብቻ ለመመልከት የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት እርሷ ናት። ከምድር ወገብ አጠገብ መተኮሷ ለበዓሉ ክብር ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ማግኔት በሰማይ ላይ አጥምዶ የያዛቸው ቅንጣቶች መሣሪያውን እንዳያውኩት በምድር ወገብ ዙሪያ መብረር ስለሚሻል ነው። የሌላውን ኮከብ ማግኔት ለማየት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የራሱን መሬት ማግኔት መሸሽ አስፈለገው!

ኡሁሩ ከመዘገበቻቸው ከሦስት መቶ በላይ የራጅ ምንጮች መካከል አንዱ ሄርኩለስ ኤክስ-1 ይባላል። በየ1.24 ሰከንዱ ይመታል፤ በ1.7 ቀንም አንድ ጊዜ ከጓደኛው ኮከብ ጋር ይዞራል። ከጓደኛው የሚፈሰው ጋዝ ወደዚህ ትንሽ ኮከብ ሲወድቅ በማግኔቱ ተመርቶ በሁለቱ ዋልታዎች ላይ ይከመራል። የሚወድቀው በየሰከንዱ መቶ ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። ሁለተኛው ሚዛን የተሠራውም በዚህ ክምር ውስጥ ነው።

አሠራሩን እንደሚከተለው እንረዳው። ኤሌክትሮን በማግኔት ውስጥ ሲገባ በቀጥታ መሄዱን ትቶ በማግኔቱ መስመር ዙሪያ ይሽከረከራል። ማግኔቱ በበረታ ቁጥር ሽክርክሩ ይፈጥናል። እንደ ኒውትሮን ኮከብ ባለ ብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ኤሌክትሮኑ እንደ ወደደ ሊሽከረከር አይችልም፤ እንደ ደረጃ መወጣጫ በተወሰኑ እርከኖች ላይ ብቻ ይቆማል። ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት የታወቀ ስለ ሆነ፥ ልክ ያን ያህል ጉልበት ያለው ራጅ በአጠገቡ ሲያልፍ ይይዘዋል፤ ያነሰውን ወይም የበለጠውን ግን ያሳልፈዋል። የክራር ጅማት አንድ ቅኝት አለው። በአጠገቡ ብዙ ድምፅ ቢጮህ ጅማቱ የሚርገበገበው ለራሱ ቅኝት ብቻ ነው። ጅማቱ በጠበቀ መጠን ቅኝቱ ይቀጥናል፤ እዚህም ማግኔቱ በበረታ መጠን ኤሌክትሮኑ የሚመርጠው የራጅ ጉልበት ከፍ ይላል። ስለዚህ ከኮከቡ የመጣውን ራጅ በየጉልበቱ ዘርዝረን በሰንጠረዥ ስንስለው በአንድ ሥፍራ ጉድጓድ እናገኛለን። ጉድጓዱ ያለበት ቦታ የማግኔቱን ልክ ይናገራል።

ሂሳቡ አንድ መስመር ብቻ ነው። ማግኔቱ 1 ትሪሊዮን ጋውስ ሲሆን ኤሌክትሮኑ የሚመርጠው ጉልበት 11.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ማግኔቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱም ሁለት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሦስት እጥፍ ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያካፍለው ሂሳብ ነው።

ይህን መስመር መጀመሪያ ያገኙት በዮአኪም ትሩምፐር የሚመሩ የጀርመን ሊቃውንት ናቸው። በሳተላይት አይደለም፤ በፊኛ ነው። ግንቦት 3 ቀን 1976 በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፥ ፓለስታይን ከምትባል ከተማ (ስሟን አይቶ አንባቢያችን ከቅድስት አገር ጋር እንዳያምታታት) መሣሪያቸውን በትልቅ ፊኛ አንጠልጥለው ከአየሩ አብዛኛው ክፍል በላይ አወጡት፤ ወደ ሄርኩለስ ኤክስ-1ም አነጣጠሩት። ከወረደው መዝገብ ውስጥ በ58 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ያልተጠበቀ ጉብታ ወጣ። በዚህ ጊዜ ጠንቃቃ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ የኮከቡ ነው ወይስ የመሣሪያዬ?» የሚል ነው። መሣሪያው የተሠራበት ብረትና ክሪስታል ራሱ መስመር ሊፈጥር ይችላልና። መልሱን የሰጠው ምቱ ነው። ጉብታው የታየው በየ1.24 ሰከንዱ በሚመላለሰው ጨረር ውስጥ ነበር፤ መሣሪያ ደግሞ የኮከብን ምት አይመታም። 58ን ለ11.6 ብናካፍል 5 ይመጣል፤ 5 ትሪሊዮን ጋውስ ማለት ነው። የኒውትሮን ኮከብ ማግኔት በግምት ሳይሆን በቀጥታ የተነበበው ያን ጊዜ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ትሩምፐርና ባልደረቦቹ ጉብታውን ኤሌክትሮኖቹ የሚረጩት ብርሃን ነው ብለው ተርጉመውት ነበር። ሌሎች መሣሪያዎች ሲጨመሩና ስሌቱ ሲሻሻል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከዓባይ በረሃ ሥር ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት መንገደኛ የጎጃምን ደጋ ተራራ ነው ይላል፤ ደጋው ላይ ሲወጣ ሜዳ ሆኖ ያገኘዋል። በሄርኩለስም ያለው ተራራ ሳይሆን ሸለቆ ነው፤ በ40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ኤሌክትሮኖቹ ጨረሩን ስለሚውጡት ጉድጓድ ተፈጥሮ ከጉድጓዱ ወዲያ ያለው ዳር ጉብታ መስሎ ታየ። ማግኔቱም ወደ 3.4 ትሪሊዮን ዝቅ አለ። በዚህ ላይ ሌላ ማስተካከያ አለ። ራጁ ከዚያ ብርቱ ስበት አምልጦ ሲወጣ ከጉልበቱ ይከፍላል፤ ቀረጥ እንደ መክፈል ያለ ነው፤ እኛ የምናየው ቀረጡ ተቀንሶ የተረፈውን ነው። የተቀነሰውን ስንመልስ ማግኔቱ ከ4 ትሪሊዮን ጋውስ ጥቂት ከፍ ይላል። ልብ ይሏል፤ መሣሪያው አልዋሸም፤ ቁጥሩ የተለወጠው ትርጓሜው ስለ ተለወጠ ነው። በጠረጴዛው ላይ በየቀኑ ቁጥር የሞላበት ሪፖርት የሚቀርብለት ወጣት ሹም ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢያነበው ደስ ይለናል።

ትርጓሜው ትክክል መሆኑን ያረጋገጠው ሌላ ኮከብ ነው። ኤሌክትሮኑ በእርከን የሚወጣ ከሆነ አንድ እርከን ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት እርከንም በአንድ ጊዜ ሊዘል ይገባዋል፤ እንግዲያውስ ጉድጓዱ አንድ ብቻ ሳይሆን እኩል ርቀት ያላቸው ብዙ ጉድጓዶች መታየት አለባቸው። 4ዩ 0115+63 የተባለው ኮከብ በ1999 በጊዜው ጋዝ ተሞልቶ ሲያበራ ቤፖሳክስ የተባለችው የኢጣልያና የሆላንድ ሳተላይት በ12፥ በ24፥ በ36ና በ49 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ጉድጓዶቹን ተራ በተራ አገኘቻቸው። የዚህ ኮከብ ማግኔት እንግዲህ ከ1 ትሪሊዮን ጋውስ ብዙም አይርቅም። ዛሬ እንዲህ ያለ መስመር የተገኘባቸው ኒውትሮን ኮከቦች ከሠላሳ ይበልጣሉ። በ2017 ቻይና ያመጠቀችው ኢንሳይት የተባለች ሳተላይት ስዊፍት ጄ0243.6+6124 በተባለው ኮከብ ላይ እስከ 146 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ መስመር መመልከቷ በ2022 ታትሟል፤ ይህም ከ16 ትሪሊዮን ጋውስ በላይ ማለት ነው።

እስካሁን «ኤሌክትሮን» ስንል ቆይተናል። ኤሌክትሮን መሆኑን ማን ነገረን? ፕሮቶንም በማግኔት ውስጥ ይሽከረከራል፤ ነገር ግን ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ስለሚከብድ ለአንድ ዓይነት መስመር ማግኔቱ በዚያው መጠን መበርታት አለበት። በ2018 ኤም 51 በተባለው ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ ባለ አንድ ብሩህ ኒውትሮን ኮከብ ላይ በ4.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ መስመር መገኘቱ ተነገረ። የተሽከረከረው ኤሌክትሮን ከሆነ ማግኔቱ ከ1 ትሪሊዮን ጋውስ ያነሰ ነው፤ ፕሮቶን ከሆነ ግን ወደ ሺህ ትሪሊዮን ይጠጋል። መስመሩ አንድ፥ መልሱ ሁለት፥ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከሺህ እጥፍ በላይ! እንዲህ ባለ ጊዜ አንዱን ቁጥር ብቻ መርጦ ማውራት ለሰሚው ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ ዕውቀት አይባልም።

ሁለቱን ሚዛኖች በአንድ ኮከብ ላይ ጎን ለጎን ማቆም የተቻለባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ከእነዚህ ሁለቱን እንጥቀስ። 1ኢ 1207.4-5209 ከተባለው ኮከብ በ2003 ኤክስ ኤም ኤም-ኒውተን በተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት የተነበቡት መስመሮች በኤሌክትሮን ሂሳብ 80 ቢሊዮን ጋውስ ሰጡ፤ ለኒውትሮን ኮከብ ደካማ ማግኔት ነው። ከአሥር ዓመት ትዕግሥት በኋላ በ2013 የኮከቡ መዘግየት በትክክል ሲለካ 98 ቢሊዮን ጋውስ ሆነ። የማይተዋወቁ ሁለት ምስክሮች ለየብቻ ተጠይቀው እንዲህ ሲቀራረቡ ዳኛው ደስ ይለዋል።

ሌላው ምስክርነት ግን አልተስማማም። ማግኔታር የሚባሉ እጅግ ብርቱ ማግኔት ያላቸው ኒውትሮን ኮከቦች መኖራቸውን በ1998 ክሪሳ ኩቬልዮቱና ባልደረቦቿ የራጁን ምት መዘግየት በመለካት አሳይተዋል፤ የዚያ ኮከብ ማግኔት 800 ትሪሊዮን ጋውስ ያህል ነበር። ይኸው ኮከብ ታኅሣሥ 27 ቀን 2004 በድንገት ሲፈነጥቅ፥ ከብዙ ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት የእኛን ምድር ላይኛውን አየር አናውጦታል። ከዚህ ወገን የሚቆጠረው ኤስ ጂ አር 0418+5729 የተባለው ኮከብ ግን በመዘግየቱ ሲመዘን 6 ትሪሊዮን ጋውስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2013 በራጁ ውስጥ የታየው መስመር በፕሮቶን ሂሳብ ሲመዘን ከ200 ትሪሊዮን በላይ ሆነ። ታዲያ የትኛው ነው የተሳሳተው? ሁለቱም አልተሳሳቱም። የሄልን ፀሐይ እናስታውስ፤ የፀሐይ ጠቅላላ ማግኔት ጥቂት ጋውስ ብቻ ሲሆን በጥቋቁር ነጥቦቿ ላይ ግን 3,000 ይደርሳል። መዘግየት የሚመዝነው ከኮከቡ ርቆ የተዘረጋውን ሰፊ ማግኔት ነው፤ መስመሩ የሚመዝነው ጨረሩ የወጣባትን ትንሽ ቦታ ነው። የአገሩን ጠቅላላ ዝናብና የአንዲት ቀበሌን ዶፍ ለይቶ እንደ መመዝገብ ነው።

ወደ ሄርኩለስ ኤክስ-1 እንመለስ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጠናው እርሱ ነውና። ይህ ኮከብ ከ1976 ጀምሮ በብዙ ሳተላይቶች እየተደጋገመ ሲለካ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። መስመሩ በአንድ ቦታ አይቀመጥም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ35 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ተነሥቶ ከ40 በላይ ወጣ፤ ከ1996 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ደግሞ ከ4 በላይ ዝቅ አለ፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ቆመ። የኮከቡ ማግኔት በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አሥር በመቶ ጠፋ ማለት ነውን? እንዲህ ብሎ የሚያምን የለም ማለት ይቻላል፤ የኒውትሮን ኮከብ ማግኔት ዕድሜ በሚሊዮን ዓመት ይቆጠራልና። ይበልጥ የሚታመነው በዋልታው ላይ የተከመረው ጋዝ መልክ ተለውጧል የሚለው ነው። ክምሩ ከፍ ሲል ጨረሩ የሚወጣበት ቦታ ከኮከቡ መሬት ይርቃል፤ በዚያም ማግኔቱ ሳሳ ይላል። እንደ ሂሳቡ ለዚህ ጥቂት መቶ ሜትር ይበቃል። ከሃያ ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሆኖ የአንድ ክምር ቁመት በጥቂት መቶ ሜትር መለወጡን ለመናገር መቻል፥ በእኛ ግምት፥ ከማንኪያውና ከቢሊዮን ቶኑ ወሬ ይበልጣል።

በመጨረሻ የመጣው መሣሪያ ደግሞ የራጁን ጉልበት ሳይሆን ሞገዱ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ የሚመለከት ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን 2021 የአሜሪካና የኢጣልያ የጠፈር ድርጅቶች በጋራ ያመጠቋት አይ ኤክስ ፒ ኢ የተባለች ሳተላይት በ2022 ሄርኩለስ ኤክስ-1ን ተመለከተች። እንዲህ ባለ ብርቱ ማግኔት ውስጥ ያለፈ ራጅ ሞገዱ በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ መውጣት አለበት፤ የቀድሞዎቹ ስሌቶች ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው እንደሚሰለፍ ተንብየው ነበር። የተገኘው ግን ከ5 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው። ስለ ማግኔቱ ኀይል መስመሩ የሰጠው ምስክርነት በዚህ አልፈረሰም፤ የተናጋው ጨረሩ ከክምሩ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ የነበረው አስተሳሰብ ነው። የክምሩ የላይኛው ሽፋን ከታችኛው ይበልጥ የጋለ እንደ ሆነና ሞገዶቹ በዚያ ሲያልፉ ሰልፋቸው እንደሚፈርስ የሚገልጽ ሐሳብ ቀርቧል፤ ስሌቱም በአዲስ መልክ እየተሠራ ነው።

ይህን ሥራ ሳተላይት ያለው መንግሥት ብቻ የሚሠራው የሚመስለው ተማሪ ካለ አንድ ነገር እንንገረው። የአይ ኤክስ ፒ ኢ፥ የኑስታርና የሌሎችም አያሌ ሳተላይቶች መዝገብ በናሳ የመረጃ ማከማቻ ውስጥ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ክፍት ነው፤ መዝገቡን የሚዘረዝሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም እንዲሁ ያለ ዋጋ ይገኛሉ። የሄርኩለስ ኤክስ-1 ራጅ በየጉልበቱ ሲዘረዘር ጉድጓዱ ከ40 በታች የት ላይ እንዳለ አራት ኪሎ በሚገኝ ኮምፒዩተር ላይ ይታያል፤ ከዚያ የሚቀረው ለ11.6 ማካፈልና የስበቱን ቀረጥ መመለስ ነው።